ከአውሮፓ አሳብ እስከ ምጽዋ ባንያኖች

የኢትዮጵያን የውጭ ግንኙነት ታሪክ ሲያጠኑ ወደ አውሮፓ ብቻ መመልከት የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ ልማድ ከወጡት ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው።

ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1927 በለንደን ተወለዱ። የመጀመሪያ ጥናታቸው በአውሮፓ የሶሻሊዝም አሳብ ታሪክ ላይ ነበር፤ በ1954 ስለ አየርላንዳዊው አሳቢ ዊልያም ቶምፕሰን፣ በ1957 ስለ ሴን ሲሞን ተከታዮች መጻሕፍት አሳተሙ። በ1956 ከእናታቸው ከሲልቪያ ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራች ዳይሬክተር ሆኑ።

የሠራተኛውን ኑሮ በአውሮፓ የመረመረው ዓይን በኢትዮጵያም የነጋዴውንና የገበሬውን ኑሮ መረመረ። በምጽዋ ስለ ሰፈሩት ባንያን የተባሉ የህንድ ነጋዴዎችም ጻፉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሂንዱ እምነት ተከታዮች ነበሩ፤ ሥጋ አይበሉም፤ ሆኖም በሙስሊሙና በክርስቲያኑ መካከል ኖረው ይነግዱ ነበር። የእንዲህ ያለ ሕዝብ ታሪክ ሸቀጡን በመቁጠር ብቻ አይጻፍም፤ ማዕዱንና እምነቱንም ማወቅ ይጠይቃል።

በ1976 ከኢትዮጵያ ወጥተው በለንደን የሮያል ኤዥያቲክ ሶሳይቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1986 ተመለሱ፤ በ2017 በአዲስ አበባ አረፉ።

በዱከምም ሆነ በሌላ ከተማ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ከእሳቸው የሚወርሰው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ቀይ ባሕር የሚያገናኘን ከአውሮፓ ጋር ብቻ አይደለም።