የቅኔ ቤት ልምምድና የዛሬው ተፈታኝ በምዕራብ ጎጃም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚገኙት ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ተማሪዎች መካከል ሕግ መማር የሚመኙት ጥቂት አይደሉም። ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ለመድረስ ግን አስቀድሞ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀት እየሠሩ ይለማመዳሉ። ዳሩ ግን ዛሬ ከመቶ 62 ያገኘ ተማሪ ነገ 44፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ 58 ሊያገኝ ይችላል። ከዚህም የተነሣ አንዱ በ62ቱ ተመክቶ ይዘናጋል፤ ሌላው በ44ቱ ተስፋ ቆርጦ መጽሐፉን ይዘጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ችግር ለአገሩ አዲስ አለመሆኑንና የቀድሞው ትምህርት እንዴት ይወጣው እንደ ነበረ ለማሳየት እንሞክራለን።

ሕግ በአገራችን መማሪያ የሆነው ዘመናዊው ትምህርት ከመጣ ወዲህ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋራ በመጽሐፍ ቤት በትርጓሜ ሲሰጥ ኖሯል። ወደዚያም የሚዘልቀው ተማሪ እንደ ልማዱ አስቀድሞ በቅኔ ቤት ያለፈ ነበር። የግዕዝን ግስና አገባብ ያላወቀ የሕጉን ቃል ሊፈታ አይችልምና። በቅኔም ጎጃም ስመ ጥር ነው፤ ከታወቁት ሦስት የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ሲሆኑ ሦስተኛው ዋድላ የወሎ ነው። እንግዲህ የቅኔ ቤት ለሕግ ትምህርት እንደ መግቢያ በር ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የቅኔ ተማሪ ልምምድ በየቀኑ ነው። አኩፋዳውን ይዞ የዕለት ምግቡን ከለመነ በኋላ ከሰው ርቆ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። የቆጠረውንም ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙለታል። ሲጀምር የሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና፤ ቀጥሎ የሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል።

በዚህ መንገድ ላይ ሥራው እኩል የሚሆንለት ተማሪ የለም። ዛሬ ያማረለት ነገ ቤቱ አይመታለትም፤ አዲስ የቅኔ ዓይነት ሲጀምርም ትናንት ያወቀው የጠፋበት ይመስለዋል። ሆኖም የኔታ ቍጥር አይሰጡም፤ ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ይናገራሉ እንጂ። ስሕተቱ የቤት ነው? የአገባብ ነው? ወይስ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም? ተማሪውም የሚሄደው ይህን ይዞ ነው። የነገው ቅኔ የሚመዘነውም ያው ስሕተት በመቅረቱ ወይም በመደገሙ ነው። በአንድ መልካም ቀን ሊቅ፤ በአንድ ክፉ ቀን ደንቆሮ የሚባል የለም።

እርግጥ ነው፤ ያለፈውና የዛሬው በሁሉ አይመሳሰሉም። የቅኔ ተማሪ እስኪበስል ድረስ መቆየት ይችላል፤ ለዛሬው ተፈታኝ ግን ቀኑ የተቈረጠ ነው። ፈተናው በዩኒቨርስቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለ ዘጋ ያልተማሩት ምዕራፍ በዝቷል። ሕግ ተምሮ ለጨረሰም ቢሆን ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ተጨምሮበታል።

ይሁን እንጂ የቀኑ ማጠር የየኔታን ብልሃት ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። ውጤቱ ከ62 ወደ 44 የወረደበት ተማሪ አእምሮው በአንድ ሌሊት አልቀነሰም፤ ምናልባት ሁለተኛው ወረቀት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት ካመለጠው ምዕራፍ ብዙ ጠይቆት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስሕተት በደብተር ላይ በሦስት ቢከፍለው ይበጀዋል፤ ይኸውም ያላወቀው፤ እያወቀ ጥያቄውን አጣሞ ያነበበውና ሰዓት ያለቀበት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ትዕግሥት፤ ሦስተኛው በሰዓት የተወሰነ ልምምድ። በአንድ ወረቀትም አይፍረድ፤ አምስት ስድስቱን ጐን ለጐን አድርጎ የትኛው ስሕተት እየቀነሰ እንደ ሄደ ይመልከት። የሚያርመው መምህር ያጣ እንደ ሆነ ከባልንጀራው ጋራ ወረቀት ይለዋወጥ።

ብዙ ጊዜ የቤተ ክህነቱን ትምህርት የምናነሣው ስለ ጥንታዊነቱ ለማመስገን ብቻ ነው። እኛ ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ወረቀቱን ይዞ ለሚተክዘው ተማሪ ዛሬም የሚጠቅም ነገር እንዳለበት እናምናለን፤ እርሱም ውጤትን ከመቍጠር ይልቅ ስሕተትን ማወቅ ነው።