ኑክሊየስ የሌለው ሕዋስ ትእዛዙን ከየት አገኘ? የሬቲኩሎሳይት ጥናት ታሪክና ለማስተማር ሥራ የሚሰጠው ፍሬ ነገር

የሕዋስ ሥራ ሁሉ ከኑክሊየስ በሚወጣ ትእዛዝ እንደሚመራ ለተማሪዎች ይነገራል። አባባሉ በአብዛኛው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ አንድ አስተዋይ ተማሪ የአጥቢ እንስሳት ቀይ የደም ሕዋስ ኑክሊየስ እንደሌለው በሌላ ምዕራፍ አንብቦ፣ «ታዲያ ሂሞግሎቢኑ በማን ትእዛዝ ተሠራ?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ምን ይመልሳል? ይህ ጥያቄ በሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎችን ያከራከረ ነበር። መልሱ የተገኘበት መንገድም ከመልሱ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል።

የነገሩ መነሻ የአጥንት መቅኔ ነው። በመቅኔ ውስጥ የሚያድገው ሕዋስ ደረጃ በደረጃ ከተለወጠ በኋላ ኑክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ሬቲኩሎሳይት ይባላል። ሬቲኩሎሳይት ግን ሥራ ፈት አይደለም። ከጠቅላላው ሂሞግሎቢን ሲሶ ያህሉ የሚሠራው በዚህ ደረጃ ነው። በመጨረሻም ራይቦዞሞቹና ሚቶኮንድሪያዎቹ ጠፍተው የበሰለ ቀይ ሕዋስ ይሆናል፤ በሰው ደም ውስጥም 120 ቀን ያህል ይቆያል።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዣን ብራሼና ቶርብዮርን ካስፐርሰን በየፊናቸው ባካሄዱት ጥናት፣ ፕሮቲን በብዛት የሚሠሩ ሕዋሳት አር.ኤን.ኤ. የበዛባቸው መሆናቸውን አስገነዘቡ። ይህ አር.ኤን.ኤ. የሚሠራው የት እንደሆነ ግን አከራካሪ ነበር። አሴታቡላሪያ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር አልጌ ኑክሊየሱ ከተወሰደበት በኋላ ለሳምንታት ፕሮቲን መሥራቱ ሲታወቅ፣ ሳይቶፕላዝም ራሱን ችሎ አር.ኤን.ኤ. ይሠራል የሚለው አሳብ ደጋፊ አገኘ።

በ1955 ሌስተር ጎልድስታይንና ዋልተር ፕላውት አር.ኤን.ኤው በጨረር አመንጪ ፎስፈረስ ምልክት የተደረገበትን የአሜባ ኑክሊየስ ምልክት ወደሌለው ሌላ አሜባ አዛወሩ። ምልክቱም ከኑክሊየሱ ወጥቶ በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ተገኘ። አር.ኤን.ኤ. ከኑክሊየስ ወደ ሳይቶፕላዝም እንደሚጓዝ በዚህ ታየ።

የደሙ ጥናትም በአንጻሩ እየገፋ ነበር። ፌኒልሃይድራዚን የተባለው ውሕድ የጥንቸልን ቀይ ሕዋሳት ስለሚያፈርስ፣ መቅኔው ሬቲኩሎሳይቶችን በገፍ ወደ ደም ይለቃል። ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ በቂ ሬቲኩሎሳይት አገኙ። በ1958 ሪቻርድ ሽዊትና ባልደረቦቹ ከፈረሱ ሬቲኩሎሳይቶች በተገኘ ፈሳሽ ውስጥ ሂሞግሎቢን መሥራት ቻሉ። በ1961 ደግሞ ሃዋርድ ዲንትዚስ የሂሞግሎቢን ሰንሰለት ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በተራ እንደሚቀጠል አረጋገጠ።

በዚያው በ1961 መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. በባክቴሪያ ውስጥ መኖሩ ታወቀ፤ ዕድሜው ግን የጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ታዲያ ኑክሊየስ የሌለው ሬቲኩሎሳይት ለረጅም ጊዜ እንዴት ሊሠራ ቻለ? ከዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚካሄደውን የአር.ኤን.ኤ. ሥራ የሚያግደው አክቲኖማይሲን ሲጨመርበት እንኳ የሂሞግሎቢኑ ሥራ አልቆመም። ስለዚህ መልእክቱ አስቀድሞ የተላከና ሳይፈርስ የሚቆይ መሆን ነበረበት። በ1964 ጄራር ማርቤና አርሴን ቡርኒ ከጥንቸል ሬቲኩሎሳይት ለዚህ መልእክተኛነት የታጨውን አር.ኤን.ኤ. ለይተው አወጡ። በ1969 ሬይመንድ ሎካርድና ጄሪ ሊንግረል የአይጥን መልእክተኛ በጥንቸል ሬቲኩሎሳይት ፈሳሽ ውስጥ ቢጨምሩት የአይጥ ግሎቢን ተሠራ። ሠሪው የጥንቸል፣ ትእዛዙ የአይጥ ነበርና ጥርጣሬው ተወገደ።

ሆኖም የቀድሞው አሳብ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። በ1963 ማርጊትና ሲልቫን ናስ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. መኖሩን አሳዩ። ሚቶኮንድሪያዎች የራሳቸውን አር.ኤን.ኤ. ይሠራሉ፤ በአሴታቡላሪያም ክሎሮፕላስቶች እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ በሳይቶፕላዝም ክልል ውስጥ አር.ኤን.ኤ. መሠራቱ እውነት ሲሆን፣ የሂሞግሎቢን ትእዛዝ ግን ከዚያ የመነጨ አይደለም።

ይህ እውቀት ከሕክምናም የራቀ አይደለም። የደም ማነስ ያለበት ሰው መቅኔ በሚገባ መሥራት አለመሥራቱ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ፣ በውስጣቸው የቀረው አር.ኤን.ኤ. ቀለም ሲነካው የሚታዩትን ሬቲኩሎሳይቶች መቁጠር ነው።

ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚተርፈው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። «ከዲ.ኤን.ኤ. ወደ አር.ኤን.ኤ.፣ ከአር.ኤን.ኤ. ወደ ፕሮቲን» የሚለው ሐረግ እንደ ጸሎት በቃል ብቻ ከተያዘ፣ ከላይ የተጠቀሰው ተማሪ ጥያቄ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሐረጉ የተደረሰበት መንገድ አብሮ ከተሰጠ ግን ጥያቄው የትምህርቱ መግቢያ ይሆናል። ማይክሮስኮፕ ባለበት ትምህርት ቤት የዶሮንና የበግን ደም ጎን ለጎን ማሳየት ይቻላል፤ የዶሮው ቀይ ሕዋስ ኑክሊየስ አለው፣ የበጉ የለውም። ተማሪው ልዩነቱን በዓይኑ አይቶ ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ መምህሩ መልሱን ከመንገር አስቀድሞ «እንዴት ብለን እናረጋግጣለን?» ብሎ ቢመልስለት፣ ያ ክፍል ሳይንስን ከውጤቱ ብቻ ሳይሆን ከአሠራሩም ጭምር ተማረ ማለት ነው።