ያልደረሰው መዓት

በሎስ አንጀለስ የሳን ፈርናንዶን ሸለቆ ከከተማው ምዕራባዊ ክፍል ጋር የሚያገናኘው 405 ቁጥር አውራ ጎዳና፣ የሴፑልቬዳን ኮረብታማ መተላለፊያ ሰንጥቆ ያልፋል። ይህን ጎዳና ለማስፋት በላዩ የተዘረጋውን የመልሆላንድ ድልድይ አፍርሶ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2011፣ ከጁላይ 15 ቀን ሌሊት አንሥቶ ለ53 ሰዓት መንገዱ ለተሽከርካሪ እንዲዘጋ ተወሰነ። በእነዚያ የዕረፍት ቀናት ያልፋል ተብሎ የተገመተው ተሽከርካሪ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበር።

የመንገድ ሥራ ሲኖር የተለመደው ዘዴ ትራፊኩን ወደ ተለዋጭ መንገድ መምራት ነው። እዚህ ግን በአቅራቢያው የሚገኙት በኮረብታዎቹ መካከል የሚጠማዘዙ ጠባብ መንገዶች ብቻ ስለ ነበሩ፣ ያን ሁሉ ተሽከርካሪ ሊሸከሙ አይችሉም። ስለዚህ ባለሥልጣኖቹ ፊታቸውን ከመንገዱ ወደ መንገደኛው አዞሩ፤ ይኸውም ጉዞውን ራሱን መቀነስ ነው። ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይርቅ፣ ጉዞውን እንዲያስተላልፍ ወይም በሌላ አቅጣጫ እንዲሄድ ለሳምንታት ተነገረው። አንዳንድ የከተማ ባቡርና አውቶቡስ መስመሮችም ያለ ክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ ተደረገ። ጋዜጦች በበኩላቸው የራእይ መጽሐፍን አርማጌዶን ከመኪና ጋር አጣምረው፣ የሚጠበቀውን መዓት «ካርማጌዶን» አሉት።

መዓቱ ግን አልደረሰም። ጎዳናዎቹ ጭር ብለው ዋሉ፤ የድልድዩ ደቡባዊ ግማሽ ፈርሶ፣ መንገዱ ከታሰበው 17 ሰዓት ያህል ቀድሞ እሑድ እኩለ ቀን ገደማ ተከፈተ። ይህን ጊዜ ማስጠንቀቂያው የተጋነነ ነበር የሚሉ አልጠፉም። ይሁን እንጂ የጉዞ ፍላጎትን የማስተዳደር ሥራ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ሲሳካ አስፈላጊነቱን የሚያሳይ ምልክት አይተውም። ሁለተኛው ፈተና በ2012 ሴፕቴምበር መጨረሻ ሲመጣ፣ ሕዝቡ የቀደመውን ጸጥታ አይቶ ማስጠንቀቂያውን ሊንቀው ይችላል የሚል ሥጋት ነበር። ቢሆንም ሰሜናዊው ግማሽ ያለ ከባድ መጨናነቅ ፈረሰ።

ከዚህ ታሪክ ከመጠን ያለፈ ትምህርት መቅሰም ግን አይገባም። የሁለት የዕረፍት ቀናት ጉዞ ሊተላለፍ ይችላል፤ የሠራተኛው፣ የተማሪውና የታማሚው የዕለት ጉዞ ግን ለወራት ሊተላለፍ አይችልም። የመንገዱ ሥራ ለወራት የሚዘልቅ በሆነ ጊዜ፣ «ከቤት አትውጡ» የሚለው ምክር የሚሠራው በር የሚከፈትለትን እንጂ እንጀራው በመንገድ ላይ ያለውን አይደለም። ለእርሱ አስቀድሞ አውቶቡሱን ማዘጋጀት፣ የሥራ መግቢያውን ሰዓት ማፈራረቅ የንድፉ አካል መሆን አለበት።

የማስፋቱ ሥራ በ2014 ሲያበቃ አዲስ መስመር ተከፈተ፤ ሆኖም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መጨናነቁ አልጠፋም። ያ ጎዳና ጭር ብሎ የዋለው ሰው ጉዞውን በተወባቸው ጥቂት ቀናት ነበር።