መጋዙ ፈጠነ፣ ማጠፊያው ግን ያው ነው፦ የዛፍ አጣጣል በመንዝ ደጋ

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እንላለን። ተረቱ የሚያወራው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ስላለው ነው። ለቆራጩ ግን ክፉው ሰዓት ከዚያ በፊት ነው፤ ዛፉ ቆሞ፣ ሊወድቅ ሲል ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች። በሰሜን ሸዋ ደጋ እነዚያን ሴኮንዶች ከምሳር ወደ ሰንሰለት መጋዝ ያመጣቸው ታሪክ ምን ይመስላል?

ሳር እንኳ በሕግ የሚታጨድበት አገር

መንዝ ብርዳም ደጋ ነው፤ መሐል ሜዳ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንጨት እንደ ልብ ስለማይገኝ ቤቱ በድንጋይ ይሠራል፣ በጓሳ ሳር ይከደናል፣ ማገዶውም በአብዛኛው ኩበት ነው። ጓሳውም ቢሆን ዝም ብሎ አይታጨድም ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ በሚነገረው የ«ቀሮ» ሥርዓት መሠረት የአስቦና የጌራ ባለ መብቶች አለቃ መርጠው ቦታውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱታል። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲሲቱ ዋና ከተማ እንጨት ሲያጥራት ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ በደጋው ሁሉ ተስፋፋ። ትልቁ ጥቅሙ ጉቶው ማቆጥቆጡ ነው፤ አንዴ ከተከሉት በየጥቂት ዓመቱ ደጋግመው ይቆርጡታል። ገበሬውም ሳያስበው ዛፍ ጣይ ሆነ ማለት ነው።

ምሳር ያስተማረው

በምሳር ዛፍ የሚጥል ሰው መጀመሪያ መውደቂያውን ያያል። በዚያ በኩል «አፍ» ይከፍታል፤ ማለትም የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ያወጣል። ቀጥሎ ዞሮ ከጀርባ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመታል። በሁለቱ መሐል ሳይቆረጥ የሚቀረው ቀጭን እንጨት ልክ እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ዛፉን ይዞ ወደ አፉ ያጥፈዋል። ምሳር ደግሞ አዝጋሚ ነው። ግንዱ ሲንጫጫ፣ ጫፉ ሲወዛወዝ ለማየትና ለመሸሽ ጊዜ ይሰጣል።

ሰንሰለቱ ሲመጣ

ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 የሠራው የኤሌክትሪክ ሰንሰለት መጋዝ 64 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ሁለት ሰው ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካዊው ጆ ኮክስ አንድ የጥንዚዛ እጭ እንጨት ውስጥ ግራና ቀኝ እየቆረጠ ሲሄድ አይቶ፣ የመንጋጋውን አሠራር ወደ ሰንሰለቱ ጥርስ አመጣው። መጋዙ ወደ ቆራጩ ሲወረወር ሰንሰለቱን የሚያቆመው ፍሬን የተለመደው ግን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ፍጥነቱ ቀድሞ መጣ፣ ጥንቃቄው ዘግይቶ ተከተለ።

ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው መጋዝ ሰንሰለት በሴኮንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በሰዓት ሲሰላ 72 ኪሎ ሜትር ነው። 15 ሜትር ቁመትና ከሥሩ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ በግምት ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የዚህ ዛፍ ማጠፊያ ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ምሳር 2 ሳንቲ ሜትር ለመብላት ደጋግሞ መምታት አለበት፤ መጋዙ ግን ዓይን ሳይርገበገብ ያልፈዋል። ማጠፊያው ካለቀ ዛፉ ጌታ የለውም፤ በፈለገው ይወድቃል።

ስለዚህ በምሳር ጊዜ እጅ እየሠራ ያስብ የነበረውን፣ አሁን ሞተሩ ሳይነሳ ማሰብ ያስፈልጋል፦

* የዛፉን ማዘንበልና ነፋሱን ማየት፤ ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሆነ ርቀት ውስጥ (ለእኛው ዛፍ 30 ሜትር) ሰውም ከብትም እንዳይኖር ማድረግ።
* ከመውደቂያው ተቃራኒ ወደ ጎን አግድም የሚወጣ መሸሻ መጥረግ፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይ በኩል መቆም።
* አፉን ከግንዱ ውፍረት ሩብ ባልበለጠ ጥልቀት መክፈት፤ ከጀርባ ሲቆርጡ ማጠፊያው ጋ ሲደርሱ ማቆም። ቀሪውን ሽብልቅ ይግፋው።
* በመጋዙ ምላስ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት አለመንካት፤ ወደ ቆራጩ የሚወረወረው ከዚያ ነው።
* በጣም ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ከጀርባ ሲቆረጥ ከመሐል ወደ ላይ ተሰንጥቆ ሊፈናጠር ይችላል። እሱን ለጀማሪ አለመስጠት።

ጉቶውም አይረሳ። ዝቅ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ልጡ ሳይላጥ ከተቆረጠ በደንብ ያቆጠቁጣል። እዚህ ላይ የተሳለ መጋዝ ከምሳር ይሻላል፤ የደነዘዘው ግን ልጡን ይገነጥለዋል፣ የሚቀጥለውንም ምርት ይጎዳል።

የመንዝ ሰው ለሳር እንኳ መቼ፣ ማን፣ እንዴት እንደሚያጭድ ሕግ ነበረው። መጋዝ ሲገዛ ሕጉ አብሮ አይሸጥም። የመጋዙ ባለቤት ለልጁ ወይም ለሠራተኛው ገመዱን ስቦ ሞተር ማስነሳትን ከማሳየቱ በፊት፣ ያችን 2 ሳንቲ ሜትር ያሳየው።