በሁለት ጦርነቶች መካከል ያለ ምሽት፤ የ«ጦርነትና ሰላም» መደምደሚያና የታሪክ ጸሐፊው ፈተና

የሩሲያው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» የተባለውን ታላቅ ልብ ወለዱን ጽፎ የፈጸመው በ1869 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1812 ሩሲያን የወረረው የናፖሊዮን ሠራዊት ተሸንፎ ሲመለስ ታሪኩ ሊያበቃ በቻለ ነበር። ደራሲው ግን ሁለት ክፍል ያለው መደምደሚያ አክሎበታል። ብዙ አንባብያን የቤተሰብ ኑሮ የሚተረክበትን የመጀመሪያውን ክፍል ይወዳሉ፤ የታሪክ ፍልስፍና የሰፈረበትን ሁለተኛውን ግን ይዘሉታል። ቶልስቶይም ራሱ በ1873 እትም አብዛኛውን የፍልስፍና ሐተታ ከትረካው ለይቶት ነበር። ይሁንና ሁለቱ ክፍሎች የሚተረጎሙት አንዱ በሌላው ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ጊዜው ታኅሣሥ 1820፣ ቦታው የኒኮላይ ሮስቶቭ ርስት ነው። ፒየር ቤዙኾቭ ከፒተርስበርግ ተመልሶ መንግሥቱ ስለ መበላሸቱና ቅን ሰዎች በማኅበር መተባበር እንደሚገባቸው ይናገራል። የሚስቱ ወንድም ኒኮላይ ግን በመሐላው የጸና ነው፤ ማኅበረተኞቹን እንዲወጋ ከታዘዘ ያለ ማመንታት እንደሚዘምት ለፒየር በግልጽ ይነግረዋል። የሟቹ ልዑል አንድሬይ ልጅ፣ የ15 ዓመቱ ኒኮሌንካ፣ ጥግ ይዞ ያዳምጣል። በቤቱ ሰላም ሰፍኗል፤ ቀጣዩ ግጭት ግን በዚያው ቤት ተጸንሷል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1825፣ ብዙዎቹ የናፖሊዮንን ጦርነት ያዩ መኮንኖች በፒተርስበርግ አደባባይ በዛሩ ላይ ተነሡ። ዐመፁ በመድፍ ተደመሰሰ፤ በ1826 አምስት መሪዎች ተሰቀሉ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። ቶልስቶይ መጀመሪያ ሊጽፍ ያሰበው በ1856 ከግዞት ስለ ተመለሰ አንድ ዐመፀኛ ነበር፤ ምክንያቱን ፍለጋ ወደ 1825፣ ከዚያም ወደ 1812፣ በመጨረሻም ወደ 1805 አፈገፈገ። ሆኖም የሚያውቀውን ፍጻሜ በልብ ወለዱ አልጻፈውም።

የሁለተኛው ክፍል ሐተታ ይህን ዝምታ ያብራራዋል። እንደ ቶልስቶይ አስተሳሰብ ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው የአንድ ንጉሥ ወይም የአንድ ጄኔራል ፈቃድ ሳይሆን የብዙኃን ሰዎች ሥራ ድምር ነው። የሰው ድርጊት ለራሱ ለአድራጊው ነጻ ሆኖ ይሰማዋል፤ ዘመኑ በራቀ ቁጥር ግን ግዴታ ሆኖ ይታያል። እኛ ከ1825 ወዲህ ሆነን ስንመለከተው የዚያ ምሽት ክርክር ወደ ስቅላትና ወደ ግዞት የሚያደርስ ቀጥተኛ መንገድ ይመስለናል። በክፍሉ ለተቀመጡት ግን ምንም የተቆረጠ ነገር አልነበረም።

በዚህ አመለካከት የማይስማሙ ብዙ ናቸው፤ የመሪዎችን ኃላፊነት ያቃልላል የሚለው ነቀፌታም ሚዛን የሚደፋ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ግን ከዚህ መደምደሚያ አንድ ትምህርት ያገኛል፤ ይኸውም ፍጻሜውን ስላወቀ ብቻ የቀደሙት ሰዎች ያውቁት እንደ ነበር አድርጎ እንዳይፈርድባቸው ነው። ኒኮሌንካ በዚያች ሌሊት አባቱን የሚያስደስት ሥራ ለመሥራት ለራሱ ቃል ይገባል። ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ትረካውም በዚሁ ያበቃል።