ከሁለት በድን ሞተር አንድ ሕያው

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ታሪክ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ቶኪዮ ውስጥ ኮኩቡንጂ ከምትባል አካባቢ ይነሳና ስድስት ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ አውስትራሊያ በረሃ ላይ ያርፋል። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ኤፕሪል 12 ቀን 1955። ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈች ገና አሥር ዓመቷ ነው። አውሮፕላን እንዳትሠራ ተከልክላ ቆይታ ክልከላው ከተነሳላት ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። ሂዴኦ ኢቶካዋ የሚባሉ መሐንዲስ ናቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ የጦር አውሮፕላን ሲነድፉ የነበሩ ሰው። ያን ቀን እንግዳ ጠርተው ሮኬት ሊያሳዩ ተነሱ። መቼም ሮኬት ሲባል ዓይን ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው። የኢቶካዋ ሮኬት ግን ተጋድማ ነው የተተኮሰችው። ርዝመቷ 23 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ስሟም «እርሳስ»። በተርታ የተወጠሩ፣ ቀጫጭን ሽቦ የተዘረጋባቸው ወረቀቶች ፊት ለፊቷ ቆመዋል፤ እየቀደደች ስታልፍ ሽቦው ይበጠሳል፣ ፍጥነቷም ከዚያ ይሰላል። ወደ ላይ የምትወጣውን የሚከታተሉበት ራዳር አልነበራቸውማ! የሌላቸውን እያለቃቀሱ ከመቀመጥ ሮኬቷን አጋደሟት።

ይህን ጠባይ ልብ በሉልኝ። ታሪኩ እስኪያልቅ የሚሠራው እሱ ነው።

ኢቶካዋ በ1999 አረፉ። በ2003 ሜይ 9 ቀን ልጆቻቸው ሊባሉ የሚችሉት መሐንዲሶች ከደቡብ ጃፓን፣ ከኡቺኖውራ፣ ሃያቡሳ የተባለች 510 ኪሎ የምትመዝን መንኮራኩር አመጠቁ። የተላከችው አንድ ትንሽ አስትሮይድ ላይ ወርዳ፣ አፈሩን ቆንጥራ፣ ወደ ምድር እንድትመልስ ነው። እስከዚያ ድረስ ከአስትሮይድ አፈር አንስቶ የተመለሰ ማንም አልነበረም። አስትሮይዱ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም፤ መንኮራኩሯ መንገድ ከጀመረች በኋላ ግን «ኢቶካዋ» ተባለ። እንግዲህ ወደ ሽማግሌው ነበር የምትሄደው።

አሁን ስለ ሞተሯ ላውጋችሁ፤ ያለሱ ወሬው ባዶ ነው። የለመድነው ሮኬት ነዳጅ ያቃጥላል፣ የጋለውን ጋዝ በሰከንድ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር እየተፋ ይገፋል። ጉልበቱ ያስፈራል፣ ነዳጁ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በኤሌክትሪክ ስለመግፋት አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ ገና በ1906 ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ነበር። ሐሳቡ ጠፈር ላይ የተሞከረው ግን በ1964 ነው፤ የአሜሪካኖቹ ሰርት-1 ለግማሽ ሰዓት ያህል ሞተሩን አሠርታ ሐሳቡ እውነት መሆኑን አሳየች።

የሃያቡሳ ሞተር ምንም አያቃጥልም። ዜኖን የሚባለውን ጋዝ ጠብ እያደረገ ያስገባና በማይክሮዌቭ ይመታዋል። ከአተሙ ኤሌክትሮን ይነጠቃል፤ የቀረው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ነው። ይሄ አዮን 1,500 ቮልት ያህል ተጭኖበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የካርቦን ሳህን በኩል በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተፈትልኮ ይወጣል። ከተራው ሮኬት ጋዝ አሥር እጥፍ ገደማ ይፈጥናል ማለት ነው፤ ስለዚህ በጥቂት ጋዝ ብዙ መንገድ ይኬዳል። ታዲያ ጉልበቱስ? አንዱ ሞተር የሚገፋው 8 ሚሊኒውተን ነው። መዳፋችሁ ላይ አንድ ግራም የማትሞላ ነገር ብታርፍ የምትጫናችሁን ያህል፣ በቃ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሞተር ያዩት ይመስለኛል። ጠፈር ላይ የሚይዝ አየር ስለሌለ ያች ግፊት ሌት ተቀን ስትጠራቀም በወራት ውስጥ ትልቅ ፍጥነት ትሆናለች።

አንድ ጣጣ ግን አለ። ፖዘቲቩ አዮን እየወጣ ሲሄድ መንኮራኩሯ ራሷ ኔጌቲቭ ትሆናለች፤ ኔጌቲቭ ከሆነች ደግሞ የተፋችውን መልሳ ትስበዋለች፣ ግፊቱም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሞተር አጠገብ ኒውትራላይዘር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ሥራው ከአዮኑ ጋር እኩል ኤሌክትሮን ወደ ውጭ መርጨት ነው። አዮን ተፊና ኤሌክትሮን ረጪ ጥንድ ናቸው፣ አንዱ ከሞተ ሌላው ዋጋ የለውም። ሃያቡሳ እንዲህ ዓይነት አራት ጥንድ ነበራት፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ። ኤ ከመነሻው አላስተማመነም፤ ገና ከጅምሩ ተዘግቶ ወደ ጎን ተባለ።

መከራዋን በየቀኑ ልዘርዝር ብል ይመሽብናል። በ2003 መጨረሻ ከፀሐይ የተነሳ ታላቅ ማዕበል የሶላር ሰሌዳዎቿን አቅም ቀነሰው፤ ኤሌክትሪኩ ሲያንስ ግፊቱም አነሰ፣ መድረሻዋ ዘገየ። አቅጣጫዋን ከሚጠብቁላት ሦስት ተሽከርካሪ ዲስኮች አንዱ በ2005 ጁላይ፣ ሁለተኛው በኦክቶበር ቆመ። በመካከሉ፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ አስትሮይዱ ዘንድ ደረሰች። ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ ድንጋይና ጠጠር የተከመረበት ነገር። ኖቬምበር 12 ቀን ሚኔርቫ የምትባል ትንሽ ሮቦት ለቀቀችለት፤ ሮቦቷ ግን መሬት ስታ ባዶ ጠፈር ውስጥ ገባች። ሲያልቅ አያምር!

ያም ሆኖ ሃያቡሳ ወረደች፣ ያውም ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው ለግማሽ ሰዓት ያህል አስትሮይዱ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ ምድር ያሉት ግን በሰዓቱ አላወቁም። ከዚያ ርቀት ምልክት ለመድረስ ብቻ ሩብ ሰዓት ያልፈዋል። በሁለተኛው፣ ኖቬምበር 26 ቀን፣ ትንሽ ጥይት ተኩሳ የሚበተነውን አቧራ እንድትቀበል ታዝዛ ነበር፤ ሁሉ ነገር ሰምሯል ተብሎ ጭብጨባ ሆነ። በኋላ የመጣው መረጃ ሲነበብ ግን ጥይቱ የተተኮሰ አይመስልም።

ጭብጨባው ሳይበርድ ጉድ ፈላ። የአቅጣጫ ማስተካከያዎቿ ኬሚካል ነዳጅ ሾለከ። የሾለከው ነዳጅ ራሱ እየተነነ ገፋትና ተንገዳገደች፤ ዲሴምበር 8 ቀን አንቴናዋ ከምድር ዞረ። ድምፅዋ ጠፋ።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። የፕሮጀክቱ መሪ ፕሮፌሰር ጁኒቺሮ ካዋጉቺ ነበሩ። የቁጥጥሩን ክፍል የሚረግጠው ሰው ቁጥር እየሳሳ መጣ፤ የሞተ ሰው ቤት ማን ይውላል? ካዋጉቺ ታዲያ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር፦ ለሻይ የተቀመጠውን የፈላ ውሃ በገዛ እጃቸው እየለወጡ ትኩስ ያደርጉታል። የገባ ሰው ውሃው ቀዝቅዞ ካገኘው ነገሩ አብቅቷል ብሎ ያስባል፤ ትኩስ ከሆነ ሥራው ገና እንደቀጠለ ይገባዋል። እኔ ስለ እኚህ ሰው ከተነገረው ሁሉ፣ ከቀመሩም ከሽልማቱም፣ ይሄኛውን አስቀድማለሁ።

ደግሞም ዝም ብለው ተስፋ ላይ አልተቀመጡም። የምትሽከረከር ነገር እየዋለች እያደረች በአንድ ዘንግ ዙሪያ ትረጋለች፤ ከረጋች አንድ ቀን ሰሌዳዋ ፀሐይ ያገኛል፣ አንቴናዋም ወደ ምድር ያያል ብለው አስልተዋል። በኡሱዳ ባለው 64 ሜትር ስፋት ያለው አንቴና ሞገዱን እየለዋወጡ ሲጣሩ ከረሙ። በ2006 ጃንዋሪ 23 ቀን ደካማ ምልክት ተሰማ። መረጃ የሌለው፣ አለሁ ከማለት በቀር ምንም የማይል ድምፅ ነው። ጠይቀው «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ እንድትመልስ እያደረጉ የታመመችበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ አወጡ።

የቀራት ምን ነበር? አንድ ተሽከርካሪ ዲስክ። ኬሚካል ነዳጅ የለም። ከባትሪዋ 11 ክፍሎች አራቱ ሞተዋል። ታዲያ እንዴት ቀጥ ብላ ትሂድ? ዜኖኑን ሳያቃጥሉም ሳይመቱም እንዲሁ በቀጥታ በኒውትራላይዘሩ ቀዳዳ እፍ እያስባሉ አዞሯት። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ያለውን ኢምንት ግፊት ሳይቀር ሚዛን መጠበቂያ አደረጉት። በ2007 ሊሆን የታሰበው መመለሻ ወደ 2010 ተገፋ፣ ኤፕሪል 2007 ላይ ፊቷን ወደ ቤቷ አዞረች።

ኖቬምበር 4 ቀን 2009። ቤት ሊደረስ ወራት ብቻ ቀርተዋል። ዲ ቆመ።

ሂሳቡን ከእኔ ጋር ያዙ። ኤ ከመጀመሪያው ታሟል። ቢ ኒውትራላይዘሩ አርጅቶ ከ2007 ጀምሮ ቆሟል። ዲ አሁን በተመሳሳይ በሽታ ወደቀ። ሲ እየተንፈራገጠ ነው፤ ብቻውን ሙሉ መንገዱን ያደርሳታል ብሎ የሚምል የለም። ግፊቱ ከጎደለ ደግሞ ምድርን ሳታ ታልፋለች፤ መንገድ ዳር ቆሞ መጠበቅ የሚባል ነገር ጠፈር ላይ የለም።

እዚህ ላይ የሞተሩ አባት ሂቶሺ ኩኒናካ ይመጣሉ። የቢ አዮን ተፊ ጤነኛ ነው፤ የሞተው ኤሌክትሮን ረጪው ነው። የኤ ኤሌክትሮን ረጪ ደግሞ ሞተሩ ቀድሞ ስለተዘጋ አልተነካም ማለት ይቻላል። የቢን አዮን ከኤ ኤሌክትሮን ጋር ማጋባት ቢቻልስ? እያንዳንዱ ሞተር የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር አለው፤ በተለመደው አሠራር አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ግን መንኮራኩሯ ምድር ላይ ሳለች፣ ከመመጠቋ በፊት፣ ኩኒናካና የሥራ ባልደረቦቻቸው በመስመሮቹ መካከል አንዲት ዳዮድ አስገብተው ነበር። ዳዮድ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ቅንጣት ዕቃ ናት። ምናልባት ብለው ነው፣ ምናልባት። እያንዳንዷ ግራም በሚቆጠርባት መንኮራኩር ላይ ለምናልባት ቦታ መስጠት ቀላል አይምሰላችሁ።

ሰው ዕድለኛ ነበሩ ይላል። እኔ አልልም። ዕድል ኬሚካሉን አፍስሷል፣ ዲስኩን ሰብሯል፣ ሮቦቷን ጥሏል፤ ዕድል ለሃያቡሳ ያደረገው ነገር ቢቆጠር ዕዳ ነው። ዳዮዷን ያስቀመጠው የመሐንዲስ ጥርጣሬ ነው፤ የሠራሁት ሊበላሽ ይችላል ብሎ ቀድሞ ማመን።

ጥምረቱ እንዲህ ሆኖ ሲሠራ ማንም አይቶት አያውቅም። ዋጋም አለው፦ ለአንድ ሞተር ግፊት የሁለት ሞተር ጋዝ ይበላል። ታንኩ ውስጥ ግን ዜኖን ነበር። ትዕዛዙ ሄደ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ገፋ። ኖቬምበር 19 ቀን ለዓለም ተነገረ። ያ ከሁለት በድን የተሰፋ ሞተር በ2010 ማርች 27 ቀን ዋናው ግፊት እስኪያበቃ ድረስ አደረሳት። ሞተሮቿ በድምሩ ወደ 40,000 ሰዓት ሠርተው የበሉት ዜኖን 47 ኪሎ ያህል ነው፤ ከነበራት 66 ኪሎ ማለት ነው።

ጁን 13 ቀን 2010፣ ሌሊት፣ ዉሜራ፣ አውስትራሊያ። ሃያቡሳ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትን ካፕሱል ቀድማ ለቀቀች። ራሷ መዳን አትችልም፤ መንገድ የምትቀይርበት ኬሚካል ነዳጅ የላትም። ካሜራዋን ወደ ምድር አዙረው አንድ ፎቶ አስነሷት፤ ምስሉ እየተላከ ሳለ መስመሩ ተቋረጠና ከግርጌ ጎደሎ ሆኖ ደረሰ። ከዚያ በሰከንድ 12 ኪሎ ሜትር አየሩን መታችው፣ ተበታትና ነደደች። ካፕሱሏ በዣንጥላ ወረደች።

ሲከፍቷት ለዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም። ጥይቱ አልተተኮሰማ! በቴፍሎን ማንኪያ ግድግዳውን ፍቀው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት 1,500 ገደማ ቅንጣቶች ተገኙ፤ አብዛኞቹ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ያነሱ ናቸው። ያለ ጥይትም ስታርፍ የተነሳው አቧራ ገብቷል። ኖቬምበር 16 ቀን የኢቶካዋ አፈር መሆኑ ተረጋገጠ፣ በኋላም ምድር ላይ በብዛት የሚወድቁት የተለመዱ ሜትዮራይቶች ከዚህ ዓይነት አስትሮይድ የሚመጡ መሆናቸው ታወቀ።

ታናሿ ሃያቡሳ-2 በዲሴምበር 2014 ተነሳች። ያው ሞተር ነው፤ ግፊቱ ከ8 ወደ 10 ሚሊኒውተን አድጓል፣ ያ ችግረኛ ኒውትራላይዘርም ዕድሜው እንዲረዝም ተሻሽሏል። ሪዩጉ ከሚባል አስትሮይድ 5.4 ግራም አፈር ይዛ በዲሴምበር 2020 ካፕሱሏን እዚያው ዉሜራ ጣለች። እሷ ግን አልተቃጠለችም፤ ከዜኖኗ ግማሽ ያህሉ ተርፎ ስለነበር በምድር አጠገብ አልፋ ሌላ መንገድ ጀመረች። በ2031 ሌላ አስትሮይድ ዘንድ እንድትደርስ ታቅዷል።