እውነተኛ ስም፣ የመለያ ስም እና የግል ሕይወት በኢንተርኔት ጨዋታዎች

በኢንተርኔት አማካይነት የሚካሄዱ የኮምፒዩተርና የሞባይል ጨዋታዎች ተሳታፊዎቻቸውን በሁለት ስም ያውቃሉ። አንደኛው ተጫዋቹ አካውንቱን ሲከፍት ለድርጅቱ የሚሰጠው የመዝገብ ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው ራሱ የመረጠውና ሌሎች ተጫዋቾች የሚያዩት የመለያ ስም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መጋረጃ ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚለው ጥያቄ ኩባንያዎችን፣ መንግሥታትንና ፍርድ ቤቶችን ሲያከራክር ቆይቷል። ጥያቄው በምዕራብ ጎጃም ዞን በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከተሞች በእጅ ስልኩ የሚጫወተውን ተማሪም ሆነ የዜጎችን ስም በመዝገብ የሚይዘውን የመንግሥት ሠራተኛ ይመለከታል።

በጉዳዩ ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለውን ጨዋታ የሚያዘጋጀው ብሊዛርድ ኢንተርቴይንመንት እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2010 ያሳለፈው ውሳኔ ነው። ድርጅቱ በውይይት መድረኮቹ ላይ የሚጽፉ ተጫዋቾች በእውነተኛ ስማቸው እንዲታዩ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ምክንያቱ ስድብና ትንኮሳን ለመቀነስ የሚል ነበር። ከድርጅቱ ሠራተኞች አንዱ ጉዳት እንደሌለው ለማሳየት ሙሉ ስሙን በገዛ ፈቃዱ ቢጽፍም፣ ብዙም ሳይቆይ ስልክ ቁጥሩንና የመኖሪያ አድራሻውን ጭምር ሌሎች አፈላልገው አሰራጩት። በተለይም ሴት ተጫዋቾች ከጨዋታው ውጪ ተከታይ እንደሚያፈሩ በመግለጽ አጥብቀው ተቃወሙ። የድርጅቱ ኃላፊ ማይክ ሞርሃይም ውሳኔው መሰረዙን ያስታወቁት በሦስተኛው ቀን ነው።

በደቡብ ኮሪያ ደግሞ መንግሥት ራሱ ነገሩን በሕግ ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በርካታ ጎብኚ ያላቸው ድረ ገጾች ጽሑፍ አቅራቢዎችን በነዋሪነት መለያ ቁጥራቸው እንዲያረጋግጡ ይገደዱ ነበር። ስሙ ለአንባቢ የግድ አይታይም፤ በድርጅቶቹ ቋት ግን ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኔት እና ሳይወርልድ በተባሉት አገልግሎቶች ላይ በተፈጸመ ዘረፋ የ35 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች መረጃ ወጣ፤ የአገሪቱ ሕዝብ በወቅቱ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሽሮታል። ሕገ ወጥ ጽሑፎች በግልጽ መቀነሳቸው እንዳልታየና ተጠቃሚዎች ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾች መሸሻቸው በውሳኔው ተመልክቷል። ቻይና በተቃራኒው መንገድ ሄዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የጨዋታ ሰዓት በእውነተኛ ስም ምዝገባ መቆጣጠሯን አጠናክራለች።

በአገራችንም ተቀራራቢ እርምጃ ተወስዶ ያውቃል። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ የኢንተርኔት ካፌዎች የደንበኞቻቸውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ አዝዞ ነበር። የታሰበው በኢንተርኔት ወንጀል የሚፈጽሙትን ለመለየት ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚውል ደብተር ከተመዝጋቢው ቀጥሎ የሚመጣው ደንበኛም ሊያነበው የሚችል መሆኑ አይዘነጋም።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያውያን የስም አወጣጥ ከሌላው ዓለም የተለየ ክብደት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤተሰብ ስም ቢደነግግም፣ በተግባር የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። የውጭ ድርጅት ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅ ኢትዮጵያዊው የሚሞላው የአባቱን የግል ስም ነው። ስለዚህ ስሙ አደባባይ ሲወጣ አባቱም አብሮ ይወጣል። በትልቅ ከተማ አንድን ስምና የአባት ስም የሚጋሩ ብዙ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በቡሬ ዓይነት ከተማ ግን ሁለቱን ስም የሰማ የቀበሌው ነዋሪ «የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ቤቱን ያመለክታል። ከስም የሃይማኖትና የትውልድ አካባቢ ግምት መውሰድም የተለመደ ነው። በጨዋታ ላይ የተነሣ ጠብ በስክሪን ላይ ሳይቀር ወደ ደጃፍ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

በሌላ በኩል ከመዝገብ ስም ውጪ መጠራት ለጎጃም ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ኦርቶዶክሳዊው ምእመን የክርስትና ስሙ ከመጠሪያ ስሙ የተለየ ነው። አርበኛው በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» በሚለው የፈረስ ስማቸው ይታወቁ ነበር። ደራሲ ኅሩይ ሚናስን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃቸው አውግቸው ተረፈ በሚለው የብዕር ስማቸው ነው። የፈረስ ስም መደበቂያ ሳይሆን ዝና የሚከማችበት ነበር። የተጫዋች መለያ ስምም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ለዓመታት በአንድ ስም የተጫወተ ሰው ያን ስም እንዳይጎድፍበት ይጠነቀቃል። ተጠያቂነት የሚገኘው በእውነተኛ ስም ብቻ ነው የሚለው ክርክር ይህን ይስታል።

የመለያ ስም የያዘ ተጫዋች ለሕግ የተሰወረ ነው ማለትም አይቻልም። የሲም ካርድ ምዝገባ የሚከናወነው በመታወቂያ በመሆኑ፣ በስልክ ቁጥር የተከፈተ አካውንት ባለቤት በሕጋዊ ሥርዓት ሊታወቅ ይችላል። ለሕግ አካል መታወቅና ለአላፊ አግዳሚው መታወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሕግ ማዕቀፉም ይህንኑ ልዩነት የሚያስጠብቅ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲያስከብር በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችን ያካትታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ማስፈራራትንና የሌላውን ሰው ኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅን በወንጀልነት ደንግጓል። በሌላ ሰው ስም አካውንት መክፈት ከፈጠራ መለያ ስም ጋር ሊምታታ አይገባውም፤ የመጀመሪያው ሕያው የሆነን ሰው ይጎዳል።

አዳዲሶቹ አዋጆች በይበልጥ የሚመለከቱት መዝጋቢውን ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳ ምዝገባ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንን እና የፊት ምስልን የሚያካትት ሆኗል። የጨዋታ ስም ቢጋለጥ ይለወጣል፤ የጣት አሻራ ግን አይለወጥም። ስለሆነም ለመዝናኛ ወይም ለስፖርት ውድድር ምዝገባ ስምና ዕድሜ በሚበቃበት ቦታ የመታወቂያ ፎቶግራፍ በቴሌግራም እንዲላክ መጠየቅ፣ ወይም የተወዳዳሪ ወጣቶችን ስም ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ፣ በቅንነት የሚደረግ ቢሆንም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ዝርዝሩ በስልክ ካሜራ ከተነሣ በኋላ ከሰሌዳው ላይ ማውረዱ የሚመልሰው ነገር የለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተወሰነና ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይጠየቅና ከዓላማው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ያዝዛል። የአፈጻጸሙ ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።